የጋዝ ቧንቧው ሃይድሮጅን ይችላል ወይ? ከሰነድ ፍተሻ እስከ ግፊት አያያዝ የሚዘልቅ መመሪያ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2019 ሌሊት ላይ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ዳንቪል ከተማ አቅራቢያ፣ ባለ 30 ኢንች የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ። አንድ ሰው ሞተ። ሌሎች ቆሰሉ፣ ቤቶችም ወደሙ። በቧንቧው ውስጥ ይተላለፍ የነበረው የተለመደው የተፈጥሮ ጋዝ እንጂ ሃይድሮጅን አልነበረም። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት ምክንያት ግን ሃይድሮጅን ያስከተለው ስንጥቅ ነው። ቧንቧው በ1950ዎቹ ሲመረት አንድ ቦታ ላይ ከሌላው አካሉ የጠጠረ ነጥብ ቀርቶበት ነበር። የውጭ ሽፋኑ አርጅቷል። በኤሌክትሪክ ኃይል ዝገትን እንዲከላከል የተዘረጋው ካቶዲክ ፕሮቴክሽንም ሥራውን በአግባቡ እየሠራ አልነበረም። ሃይድሮጅኑ የገባው ከውጭ፣ በአፈሩ በኩል ነው።

ይህን አደጋ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ብዙ አገሮች ነባር የጋዝ መስመሮቻቸውን ለሃይድሮጅን ማዋል ይፈልጋሉ። ጀርመን በ2024 ያጸደቀችው የሃይድሮጅን ዋና መረብ 9,040 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ገደማው ከነባር የጋዝ ቧንቧ የሚቀየር ነው። ታዲያ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ የብረት ዓይነት ሃይድሮጅን ይችላል?» ብሎ ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። የሚሰበረው የብረቱ ስም አይደለም። የሚሰበረው አንድ የጠጠረ ቦታ ነው፣ አንድ ክፉ ብየዳ ነው፣ አንድ ሳይታይ የቆየ ስንጥቅ ነው። ይህ መመሪያ እነዚህን እንዴት አንድ በአንድ እንደምትፈልጉ ያሳያል።

መጀመሪያ ነገሩን መረዳት

ብረት ሃይድሮጅን ሲያገኘው እንደሚሰበር ከታወቀ ቆይቷል። ዊሊያም ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1875 በአሲድ የተነከረ የብረት ሽቦ መተጣጠፍ እንደሚያቅተው ጽፏል። ሽቦው ጥቂት ቀን ሲቆይ ደግሞ ወደ ቀድሞ ባህርይው እንደሚመለስ አስተውሏል። ሃይድሮጅኑ ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

በቧንቧ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለት አተም ያለው የሃይድሮጅን ሞለኪውል ንጹህ የብረት ገጽ ሲነካ ለሁለት ይከፈላል። ነጠላው አተም እጅግ ትንሽ ስለሆነ በብረቱ አተሞች መካከል እየሾለከ ይገባል። ከዚያ ውጥረት ወደበዛበት ይሄዳል። ውጥረት የሚበዛው ደግሞ ስንጥቅ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ሲከማች ብረቱ እንደ ልማዱ ተለጥጦ ጉልበት መምጠጡን ይተውና ስንጥቁ በቀላሉ ይራመዳል።

ለዚህ ሦስት ነገር መገናኘት አለበት፦ የሚጋለጥ ብረት፣ ውጥረት እና ሃይድሮጅን። አንዱን ብታጎድሉ ነገሩ ይቆማል። ሥራችሁ በሙሉ ከሦስቱ የትኛውን፣ የት ቦታ መቀነስ እንደምትችሉ ማወቅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቧንቧ ዝገት የመሰለ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን በውስጡ አለው። ይህ ሽፋን ሞለኪውሉ እንዳይከፈል ስለሚያግድ ጤነኛ ግድግዳ ብዙም አይጎዳም። ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ግን አዲስ፣ ንጹህ ብረት ይወጣል። በሩ የሚከፈተው ያኔ ነው። ግፊቱ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር አንድ ግፊት ላይ ከሚቆይ መስመር የበለጠ የሚያሰጋው በዚህ የተነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ሰብስቡ

መቆፈር ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን አገላብጡ። የሚያስፈልጋችሁ የቧንቧው ዓመተ ምርት፣ ፋብሪካው፣ ደረጃው፣ ዲያሜትሩ፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የቁመት ስፌቱ የተበየደበት ዘዴ፣ የፋብሪካ የኬሚካል ምርመራ ውጤት፣ የውሃ ግፊት ፈተና መዝገብና ያለፉ ጥገናዎች ናቸው።

ለምን ዓመተ ምርት? ከ1970 በፊት በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ የተበየዱ ቧንቧዎች ስፌታቸው በደንብ ያልተዋሃደ ወይም የጠጠረ ሊሆን ይችላል። የድሮ ብረት ሰልፈር ይበዛበታል፤ ሰልፈሩ ከማንጋኒዝ ጋር ሆኖ በብረቱ ውስጥ ረዣዥም ቆሻሻ ይሠራል፤ ሃይድሮጅን እዚያ ላይ መጠራቀም ይወዳል።

የደረጃ ስሙም ዋጋ አለው፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ። በኤፒአይ 5ኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የቧንቧ ስታንዳርድ፣ ኤክስ52 ማለት ብረቱ ቢያንስ እስከ 360 ሜጋፓስካል ድረስ ቅርጹን ሳይለቅ ይቆያል ማለት ነው። ኤክስ70 ደግሞ 485 ነው። በጥቅሉ ጥንካሬው በጨመረ ቁጥር ለሃይድሮጅን ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ግን «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ኤክስ52 ተብሎ የተሸጠ ቧንቧ በተግባር ከዚያ በጣም የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካውን የፈተና ውጤት ፈልጉ እንጂ ቧንቧው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሰነድ የሌለው ክፍል ካለ፣ ናሙና ተወስዶ እስኪመረመር ድረስ ከሁሉ የከፋው እንደሆነ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ደረጃ 2፦ ሃይድሮጅኑ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ከውስጥ የሚመጣው ግልጽ ነው፤ መስመሩ የሚሸከመው ጋዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። «20 በመቶ ብቻ ነው የምንቀላቅለው፤ ስለዚህ ጉዳቱም 20 በመቶ ነው» ይባላል። አይደለም። ብረት ውስጥ የሚገባው የሃይድሮጅን መጠን የሚከተለው የሃይድሮጅኑን የራሱን ግፊት ካሬ ሥር ነው። በ56 ባር መስመር ውስጥ 20 በመቶ ሃይድሮጅን ቢኖር የራሱ ግፊት 11.2 ባር ይሆናል። የ0.2 ካሬ ሥር 0.45 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ንጹህ ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ ከሚገባው ግማሽ የሚጠጋው ገብቷል። የሃይድሮጅኑ ግፊት 1 ባር ብቻ ቢሆን እንኳ 13 በመቶ ያህሉ ይገባል። እና «ትንሽ ነው የቀላቀልነው» ብላችሁ ምርመራውን አታሳጥሩ።

ጋዙ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለም እዩ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነገሩን ያባብሳል። ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ የብረቱን ገጽ ቀድሞ ስለሚይዝ የሃይድሮጅኑን መግባት ያዘገያል። በላብራቶሪ ይህ በደንብ ታይቷል። ነገር ግን ደህንነታችሁን በኦክስጅኑ ላይ አትመሥርቱ፤ አንድ ቀን ጋዙ ንጹህ ሆኖ ይመጣል።

ከውጭ የሚመጣው ይረሳል። ካቶዲክ ፕሮቴክሽን ሲበዛ ከአፈሩ እርጥበት ሃይድሮጅን ይፈጠርና የቧንቧው ውጫዊ ገጽ ላይ ያርፋል። የተለመደው የመከላከያ መጠን በመዳብ ሰልፌት ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ ከሚነበበው −0.85 ቮልት ጀምሮ ነው፤ ከ−1.2 ቮልት በላይ አሉታዊ እንዳይሆን ይመከራል። ንባቡን የምትወስዱት ኤሌክትሪኩ በተቋረጠባት ቅጽበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አፈሩ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ይቀላቀልበታል። የፍሰት አቅጣጫ ከተቀየረ፣ አዲስ መስመር ጎን ከተቀበረ ወይም አዲስ የኤሌክትሪክ ምንጭ ከተተከለ ንባቡን ከዜሮ ጀምራችሁ ድገሙት።

ደረጃ 3፦ የጠጠረውን ቦታ ፈልጉ

በእኔ እይታ የዚህ ሥራ ልቡ እዚህ ነው። አንድ ቧንቧ በአማካይ ለስላሳ ሆኖ አንድ መዳፍ የምታክል ቦታው የጠጠረች ልትሆን ትችላለች። ሲመረት ገና የጋለው ብረት ላይ ውሃ ጠብ ካለበት ያ ቦታ በድንገት ቀዝቅዞ ይጠጥራል። አማካይ ቁጥር ይህን አያሳይም።

መጀመሪያ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደውን ማግኔታዊ መመርመሪያ፣ በተለምዶ ፒግ የሚባለውን፣ ላኩ። የጠጠረ ብረት መግነጢሳዊ ባህርይው ስለሚለይ ለዚሁ የተዘጋጀ ፒግ ይለየዋል። ለብረት መሳሳት ብቻ የተዘጋጀው ግን ሊያልፈው ይችላልና ስታዙ በግልጽ ተናገሩ።

ፒጉ ምልክት የሰጠበትን ቦታ ቆፍራችሁ አውጡና በእጅ መሣሪያ ለኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ሽፋኑን አንሱ። የግድግዳውን ውፍረት በአልትራሳውንድ ለኩ፤ ሳትለኩ አትፈግፍጉ። ከዚያ የላይኛውን ስስ ንብርብር፣ ሩብ ሚሊ ሜትር እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ፈግፍጉ። ያ ንብርብር ሲመረት ካርቦኑ ስላመለጠው ከሥሩ ካለው ብረት የለሰለሰ ነው፤ ሳታነሱት ከለካችሁ ቁጥሩ ያሞኛችኋል። ገጹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከዚያ በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሎ በተሰመረ ቦታ ላይ በየካሬው ደጋግማችሁ ለኩ።

መሣሪያ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ኳስ አንጥሮ የሚለካው የሊብ ዓይነት ለወፍራምና ለከባድ ብረት የተሠራ ነው። ስስ ቧንቧ ላይ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። በንዝረት የሚለካው የአልትራሳውንድ ዓይነት ለስስ ግድግዳ ይሻላል።

ወሰኑ ስንት ነው? ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ላለበት ጋዝ ለዘመናት ሲያገለግል የኖረው ወሰን በቪከርስ የጥጥርነት መለኪያ 250 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያገኛችሁትን ቦታ ቁረጡና ቀይሩት። ከዚያ በታች ግን ተጠግቶ የቆመውን መዝግባችሁ ወደ ስንጥቅ ፍተሻው ውሰዱት።

ደረጃ 4፦ ስንጥቅ ፈልጉ

ማግኔታዊው ፒግ መሳሳትን በደንብ ያያል፤ ጠባብ ስንጥቅን ግን ያመልጠዋል። ለስንጥቅ የሚሆነው ኢማት የሚባለው ነው። ድምፁን ራሱ ብረቱ ውስጥ በማግኔት ስለሚፈጥር ፈሳሽ ሳያስፈልገው ጋዝ ባለበት መስመር ይሠራል። የቁመት ስፌቱን፣ የተሰረጎደውን ቦታ፣ የተጣመመውን ክፍልና መሬት የሚንሸራተትበትን አካባቢ አስቀድሙ።

መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ትንሹ ስንጥቅ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ያ ቁጥር ለሚቀጥለው ስሌት መነሻ ነው። «ስንጥቅ አልተገኘም» ማለት ከዚያ የሚያንስ ስንጥቅ የለም ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ አስሉት

አንድ መስመር ይዘን እንሂድ። ዲያሜትሩ 610 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 9.5 ሚሊ ሜትር፣ ደረጃው ኤክስ52፣ የሥራ ግፊቱ 66 ባር ነው እንበል። 66 ባር 6.6 ሜጋፓስካል ነው።

የቧንቧ ግድግዳ ዙሪያውን የሚሸከመው ውጥረት = ግፊት × ዲያሜትር ÷ (2 × ውፍረት)

6.6 × 610 ÷ 19 = 212 ሜጋፓስካል። ይህ የ360ው 59 በመቶ ነው። ለተፈጥሮ ጋዝ ሰው በሌለበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። ለሃይድሮጅን የወጣው የኤኤስኤምኢ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ቢ31.12 ደንብ ግን ሁለት መንገድ ሰጥቷል። በመጀመሪያው መንገድ ብረቱን በሃይድሮጅን ውስጥ መፈተን አይጠበቅባችሁም፤ በምትኩ ውጥረቱን ሰው በማይበዛበት ቦታ እንኳ ወደ 50 በመቶ ማውረድ አለባችሁ። 180 ሜጋፓስካል ማለት ነው፤ በግፊት ሲመነዘር 56 ባር ይመጣል። በሁለተኛው መንገድ እስከ 72 በመቶ ይፈቀዳል፤ ግን ብረቱ በሃይድሮጅን ውስጥ ተፈትኖ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ቢያንስ 55 ሜጋፓስካል ሩት ሜትር መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ለነባር ቧንቧ የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። አሥር ባር መቀነስ ያስቆጫል፤ በተለይ ሃይድሮጅን በእኩል መጠን የተፈጥሮ ጋዝን ሲሶ ያህል ብቻ ኃይል ስለሚይዝ። ግን የመጠባበቂያ አቅሙ የሚገኘው ከዚያ ነው።

አሁን ስንጥቅ እናስገባ። መሣሪያው የሚያየው ትንሹ ስንጥቅ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለውን ጫና በግርድፉ እንዲህ ታገኙታላችሁ፦ 1.12 × ውጥረት × የ(ፓይ × ጥልቀት በሜትር) ካሬ ሥር። በ56 ባር 16 ሜጋፓስካል ሩት ሜትር ይሆናል። ከ55 በጣም ይርቃል። ዛሬ አይሰበርም።

ጥያቄው ነገ ነው። ግፊቱ በቀን አንዴ ከ56 ወደ 40 ባር ወርዶ ቢመለስ የጫናው ልዩነት 4.6 ገደማ ነው። በዚህ መጠን ስንጥቅ በሃይድሮጅን ውስጥ የሚያድገው በአየር ውስጥ ከሚያድገው ብዙም ሳይለይ ነው። አሁን መስመሩን እንደ ማጠራቀሚያ ተጠቅማችሁ በየቀኑ ከ56 ወደ 16 ባር ብታወርዱትስ? ልዩነቱ 11.4 ይሆናል። ግፊቱ የተወዛወዘው 2.5 እጥፍ ነው። የስንጥቁ እድገት ግን በሦስተኛ ኃይል (2.5 × 2.5 × 2.5) ብቻ እንኳ ቢታሰብ 16 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ላይ ልዩነቱ ወደ 10 ሲጠጋና ሲያልፍ ሃይድሮጅን እድገቱን ከአየሩ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ያፈጥነዋል። ቧንቧው ያው ነው፤ ብረቱም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው።

በቀን አንድ ዙር በ40 ዓመት 14,600 ዙር ነው። በዙሮቹ ሁሉ ስንጥቁ ስንት እንደሚደርስ ደረጃ በደረጃ አስሉ። ከላይ ያለው 1.12 ለቅምሻ ብቻ ነው፤ ስንጥቁ ረጅም ከሆነ ወይም ግድግዳውን እየበላ ከሄደ እውነተኛው ቁጥር ከፍ ይላል። ለውሳኔ የሚሆነውን ስሌት ስንጥቅ ያለበትን ብረት ለመገምገም በወጣው በኤፒአይ 579 ወይም በቢኤስ 7910 ዘዴ ሥሩ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ በብረቱ ውስጥ የሚተወውን ቀሪ ውጥረትም ደምሩበት።

ደረጃ 6፦ ናሙና ቆርጣችሁ ፈትኑ

ሁለተኛውን መንገድ ከመረጣችሁ ወይም ሰነዱ ከጎደለ ፈተና ግድ ነው። ናሙናው ከሦስት ቦታ ይወሰድ፦ ከቧንቧው አካል፣ ከብየዳው ራሱ፣ በብየዳው ሙቀት ባህርይው ከተለወጠው ጎን።

ሻርፒ የሚባለው በመዶሻ የመምታት ፈተና እዚህ አይሠራም። መዶሻው ናሙናውን የሚሰብረው በቅጽበት ስለሆነ ሃይድሮጅኑ ወደ ስንጥቁ ጫፍ ለመድረስ ጊዜ አያገኝም። ውጤቱ ያማረ ይመጣል፤ ያማረው ግን ፈተናው ስለፈጠነ ነው። ሃይድሮጅን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ናሙናው ግፊት ባለው ሃይድሮጅን ውስጥ ሆኖ በዝግታ መጎተት አለበት። ስንጥቅን የመቋቋም አቅም በኤኤስቲኤም ኢ1820፣ የስንጥቅ እድገት ደግሞ በኤኤስቲኤም ኢ647 ይለካል። ላብራቶሪውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ጋዙ ምን ያህል ንጹህ ነው? ጭነቱስ በምን ፍጥነት ተሰጠ? ኦክስጅን የቀላቀለ ጋዝ ወይም ፈጣን ጭነት ደካማውን ብረት ደህና አስመስሎ ያሳልፈዋል። ሙቀቱ ተራ የክፍል ሙቀት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተሰባሪነቱ የሚከፋው በዚያ አካባቢ ነው።

ደረጃ 7፦ ብየዳ

ሃይድሮጅን በብየዳ ጊዜም ይገባል። ቧንቧ ሠራተኞች የሚወዱት ሴሉሎስ ሽፋን ያለው ኤሌክትሮድ ፈጣንና ምቹ ነው፤ ብየዳው ውስጥ የሚተወው ሃይድሮጅን ግን ብዙ ነው። ለዚህ ሥራ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ያለውን፣ ለምሳሌ 7018 የሚባለውን፣ ተጠቀሙ። እርሱም እርጥበት ከሳበ ጥቅም የለውም፤ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ በማሞቂያ ሳጥን ይቆይ። ብየዳው የሚያርፍበትን ብረት ቀድማችሁ አሙቁት፤ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝና እንዳይጠጥር። ጋዝ እየተላለፈበት ባለ መስመር ላይ መበየድ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሚያልፈው ጋዝ ሙቀቱን እየወሰደ ብየዳውን በድንገት ያጠጥረዋል። የጨረሳችሁትን ብየዳ ወዲያው ሳይሆን ቆይታችሁ መርምሩት። ይህ ስንጥቅ ከሰዓታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከቧንቧው ውጭ ያለው

ቫልቮች፣ ብሎኖች፣ ስፕሪንጎች፣ የኮምፕረሰር ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከቧንቧው ይልቅ የጠነከሩ ናቸው፤ ስለዚህም ይበልጥ ይጋለጣሉ። በ2013 የሳን ፍራንሲስኮ ኦክላንድ ድልድይ ላይ ከ96 ትላልቅ ማሰሪያ ዘንጎች 32ቱ በተወጠሩ በቀናት ውስጥ በሃይድሮጅን ተሰብረዋል። እጅግ ጠንካራ ብረት ነበሩ። የመስመራችሁን ብሎን ሁሉ በጥጥርነቱ ዘርዝሩ።

ሃይድሮጅን በቧንቧ ግድግዳ በኩል አልፎ ይጠፋል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፤ በግድግዳው የሚወጣው ኢምንት ነው። የሚያፈተልከው በመገጣጠሚያና በማሸጊያ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ የሚወጣው ሃይድሮጅን በመጠን ከሚቴን 2.8 እጥፍ ገደማ ነው። አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ ሚቴን ከ5 እስከ 15 ነው። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያዎቻችሁ ለሃይድሮጅን የተሠሩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ

ጋዙን ከመልቀቃችሁ በፊት በውሃ ግፊት ፈትኑ፤ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አውጡና አድርቁት። ከዚያ የግፊቱን መወዛወዝ በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ይኑራችሁ። በደረጃ 5 ያሰላችሁት በቀን አንድ ዙር፣ የ16 ባር መወዛወዝ ከሆነ ኦፕሬተሩ ያንን ቁጥር ይወቀው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታይ። ገበያው አመቺ ስለሆነ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ መስመሩን ወደ 16 ባር እያወረዱ መሙላት የዓመታት ዕድሜውን ሊበላው ይችላል። ይህን የሚያውቀው መሐንዲሱ ብቻ ከሆነ ምንም አይጠቅምም።

የሚቀጥለው የስንጥቅ ፍተሻ የሚደረግበትን ጊዜ ከስሌቱ አውጡት። መሣሪያው የሚያየው ትንሹ ስንጥቅ አደገኛ መጠን እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሃያ ዓመት ከሆነ ፍተሻው በአሥረኛው ዓመት ወይም ከዚያ በፊት ይሁን። የተመዘገበው መወዛወዝ ከታሰበው ከበለጠ ስሌቱን ዓመት ሳትጠብቁ ድገሙት፤ የፍተሻውን ቀንም አስቀድሙት።